ሃያ ሁለተኛው እርምጃ

መዝገቡ አንድ እርሾ ለማውጣት ሃያ ዘጠኝ እርምጃ መሄድ ነበረበት። የሊጡ እርሾ አይደለም። ይህቺኛዋ እርሾ መዝገቡና ጓደኛው ቀጄላ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ሳሉ የጀመሯት ሚጢጢ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ናት፤ ሰው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ታስነሳለች፣ በአማርኛ ታነጋግራለች፣ ሰዓቱን እንደኛ ትቆጥራለች፣ ሥራ ሲታክት ደግሞ ገበጣ ታጫውታለች። ሥሯት ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። ሌላው ሰው ቅዳሜውን ለኳስ ወይም ለሠርግ ሲሰጥ እነሱ ለእርሾ ሰጡ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት አለፈ።

መዝገቡ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራው አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ አለችው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደንበኛ ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለውም፤ የእርሾን አዲስ ኢሜጅ ያወጣል። ኢሜጅ ማለት አንድ ሙሉ ዲስክ ከነማስነሻው፣ ከነፋይሎቹ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ነው። ሰዉ ያንን ከቴሌግራም ግሩፑ አውርዶ ፍላሽ ላይ ይጭናል፣ ፍላሹን አሮጌው ማሽን ላይ ይሰካል፣ ማሽኑም «እንደምን ዋሉ» ብሎ ይነሳል። ግሩፑ ውስጥ ሁለት መቶ ምናምን ሰው አለ። መዝገቡ ሁለት መቶ ምናምኑን ሁሉ እንደ ዘመድ ያያቸዋል።

ሃያ ዘጠኙ እርምጃዎች የተጻፉት ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር ላይ ነው። አንደኛው «ከጠረጴዛው ሥር ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ አብራ» ይላል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚያልቀው በዚያ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ መዝገቡም በውል አያውቅም። አራተኛው «ኢንተርኔቱን ንቀል» ነው። አሥራ ሦስተኛው «ሻይ ጠጣ»፣ አሥራ ሰባተኛው ደግሞ «ስህተት ነው ይልሃል። ስህተት አይደለም። ቀጥል።» እያንዳንዱ እርምጃ የገባው አንድ ቀን አንድ ነገር ተበላሽቶ ነው፤ አንዴ የገባ ደግሞ ወጥቶ አያውቅም። በመሃሉ መብራት ከጠፋ ከአንድ እንደገና ይጀመራል። ቀኑ ሲቀና ሦስት ሰዓት፣ ካልቀና ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሃያ ሁለተኛው እርምጃ እንዲህ ይላል፦ «ለቀጄላ ደውል። ቁጥሩን ተቀበል።»

ይህን የተስማሙት ገና ተማሪ ሳሉ ነው። የሁለታችንም እጅ ያላረፈበት እርሾ ከቤት አይወጣም ተባባሉ። መዝገቡ ኢሜጁን ይሠራል፤ ቀጄላ ማሽን ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ስድስት አሃዝ ታወጣለች፤ ያ ቁጥር ካልገባ ኢሜጁ አይታተምም። ማኅተሙን የጻፈው ቀጄላ ነው። መዝገቡ ያንን የኮዱን ክፍል ከፍቶ አይቶት አያውቅም፤ የቀጄላን ኮድ ማንበብ የወንድምን ኪስ እንደመፈተሽ ይመስለው ነበር። ቀጄላ ሲልክለት ሳያይ ይቀበላል፣ ሳያይ ይቀላቅላል።

የስልኩ ንግግር ታዲያ ሁሌም አንድ ነው።

«ሃሎ።»

«ቀጄላ፣ ደህና ዋልክ?»

«ደህና። ጻፍ።»

ስድስቱ አሃዝ ይነገራል። መዝገቡ ይጽፋል።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

«እሺ።»

ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በሁለቱ መካከል ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተነገረም። መዝገቡም ያችን ሃያ ሰከንድ ወሩን ሙሉ ይጠብቃታል። ከቁጥሩ ጀርባ የሚሰማውን ሁሉ ይለቅማል፤ የላም እምቧታ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ የቀጄላን እናት የእማማ ጤናዬን ሳል። አንድ ወር ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማ። ዓመት ቆይቶ ያው ሕፃን «አባ» ሲል ሰማ፤ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ደግሞ ጮክ ብላ ሀ ሁ ስትቆጥር ሰምቷል፤ ረ ላይ ስትደናቀፍ ሊነግራት ምንም አልቀረው። የጓደኛውን ልጅ በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ ስሟንም አያውቅም፤ ግን ያሳደጋት ያህል ይሰማው ነበር።

ጥፋቱ የመዝገቡ ነው፤ እሱም አይክድም።

ድሮ ፉሪ ቀጄላ ቤት ሲሄድ በር አያንኳኳም ነበር። የቀጄላ አባት አቶ ኢፋ ገበሬ ናቸው፤ ሁለቱ ልጆች ስክሪን ላይ አፍጥጠው ሲያገኟቸው ቆም ይሉና «ስንዴው እንኳ በአምስት ወር ይደርሳል፤ የናንተው መቼ ነው የሚደርሰው?» ይሏቸዋል። ከዚያ ራሳቸው ስቀው፣ ወተት ይዘው እንዲመጡ ጤናዬን ይጠራሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. አቶ ኢፋ ሞቱ። ቀብሩ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሀና ማርያም ነበር።

ቅዳሜዋ ደግሞ የወሩ የመጨረሻዋ ናት። መዝገቡ ለሰዎች ቃል ገብቷል። ጠዋት ጀመረ፣ ሥራው አሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ተበላሸ። ከአንድ ጀመረ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ «ለቀብሩ ይደርሳል» አለ። ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ አራተኛው ላይ ነበር፤ «አሁን ያልቃል» አለ። ስምንት ተኩል ላይም አሁን ያልቃል አለ። በመጨረሻ ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ሮጦ ሀና ማርያም ሲደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየወጣ ነው። ቀጄላን ከሩቅ አየው፤ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይዘውታል። ሄዶ ሰዉ መሃል ቢገባ ማንም የት ነበርክ አይለውም ነበር። እሱ ግን የቆመ ሚኒባስ ጀርባ ተከለለና ተመልሶ ሄደ።

ነገ ቤቱ እሄዳለሁ አለ። ነገ ሲደርስ ሠልስቱ ላይ ይሻላል አለ፣ ሠልስቱ ላይ ሰው ይበዛል አለ፣ አርባው ይድረስ አለ። አርባውም አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቀኑ በገፋ ቁጥር እግሩ ይከብደዋል፤ የመዝገቡ እግር ጭራሽ ከበደ። ቀጄላም አልጠየቀውም። በመጋቢት መጨረሻ ቅዳሜ መዝገቡ ሃያ አንዱን እርምጃ ሄዶ ሃያ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደወለ። ቀጄላ አነሳው። «ጻፍ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያላቸው ይኸው ነው።

ሐሚዳ የመጣችው በዚህ ላይ ነው።

ሐሚዳ ሳር ቤት አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጠያቂ ናት፣ «እንዲሁ ነው» የሚባል መልስ አይዋጥላትም። ሁለት ዓመት ሆናት ግሩፑን ከተቀላቀለች፤ የእርሾን የአማርኛ አጻጻፍ ያቃናችው እሷ ናት። በመስከረም ኢሜጁን ቤቷ ልሥራ ብላ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ሄደች። ሦስት ቅዳሜ ታገለች። በአራተኛው ቅዳሜ መጠገኛው በር ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ቆመች።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይሄ ነገር መቅለል አለበት።»

«ምኑ?»

«የኢሜጁ አሠራር ነዋ! ባለፈው ሳምንት አንድ ከሆሳዕና የሆነ ሰው ግሩፑን ለቆ ወጣ። ምን ብሎ እንደጻፈ አይተዋል? ‹ኢሜጁን እንኳ መሥራት ካልቻልኩ ምን ልረዳችሁ እችላለሁ› ነው ያለው። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ እኮ እርሾ አብራ መቀበሯ ነው።»

«ታሟርቺብኛለሽ ደሞ?»

«አላሟርትም። አንድ ትእዛዝ ብቻ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ማሽን፣ አንድ መስመር ጽፎ ኢሜጁ ይውጣለት።»

መዝገቡ ሳቀ። ሃያ ዓመት የለፋበትን ነገር አንድ መስመር ላደርገው ነው ስትለው ደስም አለው፣ ትንሽም ቆጣ አደረገው። «እስቲ ሞክሪ» አላት፤ እንደማይሆንላት እርግጠኛ ነበር።

አካሄዷ ቀላል ነው። አንድ እርምጃ ትተዋለች፣ ኢሜጁን ትሠራለች፣ እርሾ ከተነሳች ያ እርምጃ ይሰረዛል። በየቅዳሜው እየመጣች፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ መዝገቡን እንደ ተከሳሽ ትጠይቀዋለች።

«አራተኛው፤ ኢንተርኔቱን ንቀል። ለምን?»

«በ2004 በሥራ መሃል ማሽኑ ራሱን አድሶ አበላሸብኝ።»

«አሁን አያድስም። ተሰረዘ። አሥራ ሦስተኛው፤ ሻይ ጠጣ?»

«ፋይሎቹ ተጽፈው ሳያልቁ ዲስኩን ከዘጋሽው ይበላሻል። አንድ ሻይ ጠጥተሽ ስትመለሺ ያልቃል።»

«ጽፎ እስኪጨርስ እንዲጠብቅ በኮዱ ይነገረዋላ! ተሰረዘ።»

«ሻዩንም?»

«ሻዩን ይጠጡ እንጂ ጋሽዬ፣ ማን ከለከለዎት። ለእርሾ ብለው ግን አይጠጡ።»

እንዲህ እያለች ገሰገሰች። ባዶ ዲስክ ፈጥሮ፣ ከፋፍሎ፣ ከፍቶ፣ ገልብጦ፣ መዝጋት የሚባለውን አሥር እርምጃ አንድ ላይ ጠቀለለችው፤ ፋይሎቹን ዲስኩን ሳትከፍት በቀጥታ ኢሜጁ ውስጥ የምትጽፍበት መንገድ አገኘች። ለፍሎፒ፣ ለሲዲና ለፍላሽ ለየብቻ ይሠሩ የነበሩትን ሦስት ኢሜጆች አንድ አደረገቻቸው።

«ፍሎፒውን ማን ነው የሚጠቀመው?» ብላ ነበር በመሃል።

«አንድ ሰው ተጠቅሞበታል። በ2011።»

«ማን?»

መዝገቡ የጠረጴዛውን አቧራ መጥረግ ጀመረ።

«እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ለማየት ያህል ነው» አለ መዝገቡ፤ እሷም እየሳቀች ሰረዘችው።

እውነቱን ለመናገር ቅዳሜዎቹ ጣፈጡት። አንድ እርምጃ በተሰረዘ ቁጥር ትከሻው ቀለል ይለው ነበር። ደብተሩን እያየ ግን አንድ ነገር ይቆጥራል፤ አሥራ ስምንተኛው ተሰረዘ፣ ሃያኛው ተሰረዘ፣ ሃያ አንደኛው ተሰረዘ። ሃያ ሁለተኛው ከተሰረዘ ለቀጄላ የሚደውልበት ሰበብ አይኖረውም። ያለ ሰበብ ለመደወል ደግሞ መጀመሪያ ያልተነገረው መነገር አለበት፤ እሱን ለመናገር ሰባት ዓመት አቅም አጥቷል። ላሟም፣ ዝናቡም፣ ሀ ሁ የምትቆጥረዋ ልጅም በዚያው መቅረታቸው ነው።

ስለዚህ ሐሚዳ ጣቷን ሃያ ሁለተኛው ላይ ስታሳርፍ መዝገቡ ቀድሟት ተናገረ።

«እሱ ይቆይ።»

«ለምን?»

«ደህንነት ነው።»

«ከማን?»

«ከ... ከሌባ።»

«እርሾን ማን ይሰርቃታል ጋሽ መዝገቡ? በነጻ እየሰጠናት!»

«ሐሚዳ፣ ይቆይ አልኩሽ» አላት። ድምፁ ስላመረረ ልጅቷ ደንግጣ ቀና ብላ አየችው፣ ደብተሩንም አጠፈች። መዝገቡ ያን ዕለት ሲለያዩ ከፋው። ልጅቷ ምንም ያጠፋችው ነገር የለም፤ እሱ ነው ለራሱ ጉዳይ የቴክኒክ ካባ ያለበሰው።

የኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሐሚዳ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የሆነ ነገር አፏ ላይ እንዳለ ያስታውቅባታል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ እንዳይቆጡኝ። ሃያ ሁለተኛውን አልሰረዝኩም። አዲሱ አሠራር ውስጥ በደንብ ላስገባው ብዬ ግን የማኅተሙን ኮድ ከፈትኩት።»

«እሺ?»

«ቁጥሩ እኮ አይመረመርም።»

«ምን ማለት አይመረመርም?»

«ስድስት አሃዝ ይሁን እንጂ የፈለገው ቁጥር ያልፋል። ስድስት ጊዜ አንድ አስገባሁ፣ አለፈ። ስድስት ጊዜ ዜሮ አስገባሁ፣ አለፈ።»

«ስህተት ይሆናላ። ቀጄላ እንዲህ አያደርግም።»

«ስህተት አይደለም። ራሳቸው ናቸው የቀየሩት። ምክንያቱንም ጽፈውታል።»

ስክሪኑን ወደሱ አዞረችለት። የኮዱ ለውጥ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ከነማስታወሻው የሚቀመጥበት ገጽ ነው። ቀኑ ግንቦት 2010 ይላል። አቶ ኢፋ ከተቀበሩ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ከሥሩ የቀጄላ ማስታወሻ አለ፦

«ማሽኔ ተቃጥሏል፣ ቁጥር የምታወጣዋ ፕሮግራም አብራ ሄዳለች። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ስድስት አሃዝ ያልፋል። እኔ አላስፈልግም። መደወል ካልፈለግህ አትደውል።»

መዝገቡ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ይህን ለውጥ ራሱ ነው የተቀበለው፤ በዚያው ቀን፣ እንደወትሮው፣ ሳያይ።

መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ቁጥሮቹ ናቸው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ለጎደለው ጊዜ፣ በየወሩ፣ ቀጄላ ላሞቹ መሃል ቆሞ ከራሱ ቁጥር ሲፈጥርለት ኖሯል። ለምን? ከዚያ ሁለተኛው ሐሳብ መጣና መዝገቡን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ቀጄላ ጽፎ ነግሮታል። ስለዚህ ቀጄላ፣ መዝገቡ እንደሚያውቅ ነው የሚያውቀው። ቁጥሩ እንደማያስፈልግ እያወቀ፣ ድምፁን ለመስማት ብቻ፣ በየወሩ የሚደውል ጓደኛ አለኝ ብሎ ነው የኖረው። ይደውል እንጂ አንድ ቀን ይናገራል እያለ ስልኩን ያነሳል። መዝገቡ ደግሞ ቁጥሩን ጽፎ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይዘጋል።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሐሚዳ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«አዲሱን አሠራር ልዩት?» አለችው ቀስ ብላ።

አንድ መስመር ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፎች ተንደረደሩ። ላፕቶፗ ተራ ላፕቶፕ ነው፣ ኢንተርኔቱም አልተነቀለም፣ ሻይም የጠጣ የለም። ከዚያ ኢሜጁ ወጣ፤ ፍላሽ ላይ ጫነችው፣ ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ማሽን አውርዳ ሰካችበት፣ ማሽኑም «እንደምን ዋሉ» ብሎ ተነሳ።

«ስንት ፈጀ?» አለ መዝገቡ።

«አርባ ሰከንድ።»

ያን ቅዳሜ አርባ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ቀብሩ ላይ ይደርስ ነበር፤ መጀመሪያ ያሰበው ይህንን ነው። ወዲያው ግን ራሱን ታዘበው። ሃያ ዘጠኝ እርምጃ ይዞት አይደለም የቀረው። ትቶት መነሳት ይችል ነበር። ከቀብሩ በኋላም በሩን ያላንኳኳው እሱ ነው፣ እርሾ አይደለችም።

«ሃያ ሁለተኛውን ሰርዢው» አላት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰርዢው። ግሩፑ ላይም አንቺ አውጪው። እኔ ለቅሶ አለብኝ።»

ለቅሶ ለመድረስ ልብስ ያስፈልጋል። አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ ቸኮል ጥቁር ኮት አውጥቶ አዋሰው፤ እጅጌው ትንሽ ያጥራል።

«ማን ሞተ?» አለ ቸኮል አንገትጌውን እያስተካከለለት።

«የጓደኛዬ አባት።»

«ነፍስ ይማር! መቼ?»

«ቆየት ብሏል» አለ መዝገቡና ወደ ታክሲው ሄደ።

ፉሪ ተለውጣበታለች። ድሮ በእግር የሚያቋርጠው የስንዴ ማሳ አሁን ግንብ ለግንብ የተያያዘ ሰፈር ሆኗል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድበት የነበረው ቤት ጠፋው። አንድ ባጃጅ አስቆመ።

«የአቶ ኢፋን ቤት ታውቀዋለህ?»

«የትኛው ኢፋ? ባለ ላሞቹ? የሞቱት?»

«አዎ» አለ መዝገቡ። «የሞቱት።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በሩ ያው የድሮው ቆርቆሮ በር ነው። ዛሬ ግን አንኳኳ። የከፈተችለት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። «ማንን ፈልገው ነው?» ስትለው ድምጿን ለየውና ቀጄላን ጥሪልኝ ሊል የነበረውን ትቶ ስሟን ጠየቃት። ሊሊ አለችው። ሊሊ። ስሟን ሁለት ጊዜ ለራሱ አለው፣ ከዚያ ተከትሏት ገባ።

እማማ ጤናዬ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ የያዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። መዝገቡ ፊታቸው ደርሶ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጽናዎት እማማ ጤናዬ። ነፍሳቸውን ይማር።» ብሎ፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

አሮጊቷ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮቱን አዩት፣ ያጠረውን እጅጌ አዩት።

«አካም ጅርታ መዝገቡ?» አሉ በመጨረሻ፤ በደህናው ቀን ሰላም የሚሉት እንዲሁ ነበር። «ኢፋ እኮ ይወድህ ነበር። ለምን ቀረህ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ። ሮጬ ስደርስ ሰዉ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ... አፈርኩ።»

«አፈርክ» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ማፈር አይደክምም?»

«ይደክማል እማማ።»

ከቤት ውስጥ ኮቴ ተሰማ። ቀጄላ ስልኩን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለና እዚያው ቆመ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። አሥር ሰዓት አልፏል፤ በሌላ ወር ቢሆን በዚህ ሰዓት መዝገቡ ደውሎ ዘግቶ ነበር። ቀጄላ መዝገቡን አየ፣ ስልኩን አየ።

«ዛሬ አልደወልክም» አለ።

«አልደወልኩም።»

«ቁጥሩን ይዤልህ ነበር።»

መዝገቡ ምላሱ ላይ ሁለት መልስ ነበረው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ዝም ማለት፣ ቀጄላ እንዳመነው አምኖ እንዲኖር መተው። ሰባት ዓመት እያወቀ የደወለ ጥሩ ጓደኛ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር። ግን ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ እማማ ጤናዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ ያን ያልሠራበትን ክብር መብላት አቃተው።

«ማስታወሻህን ያነበብኩት ዛሬ ጠዋት ነው» አለ።

«የቱን ማስታወሻ?»

«የፈለገው ስድስት አሃዝ ያልፋል ያልክበትን።»

ቀጄላ በአእምሮው ወሮቹን ወደ ኋላ ሲቆጥር ከፊቱ ላይ ይታያል።

«ዛሬ ጠዋት» አለ።

«ዛሬ ጠዋት። ኮድህን ከፍቼ አንብቤው አላውቅም። ቁጥሩ የሚያስፈልግ መስሎኝ ነው ስደውል የኖርኩት።»

«እኔ ደግሞ...» አለ ቀጄላ፤ ስልኩን በእጁ አገላበጠው። «እኔ ደግሞ እያወቀ ነው የሚደውለው፣ አንድ ቀን ይናገራል እላለሁ። ለሚስቴ እንኳ እንደዛ ነው የነገርኳት። ይኸው በየወሩ ሰበብ እየፈለገ ይደውላል፣ መጥፎ ሰው አይደለም ብዬ።»

መዝገቡ ወደ መሬት አየ። ሊሊ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን በየተራ ታያቸዋለች። ከጋጣው አንዲት ላም እምቧ አለች፤ በስልክ ከሚሰማው ይልቅ ቅርብና ወፍራም ነው።

«ዛሬስ?» አለ ቀጄላ ከቆመበት። «ዛሬስ ለምን መጣህ?»

«ዛሬ ቁጥር አልፈልግም» አለ መዝገቡ። «ዛሬ ጋሽ ኢፋን ላለቅስ ነው የመጣሁት።»

ያጠረው እጅጌ ፊቱን ለመሸፈን አልበቃውምና በሁለት እጁ ሸፈነው። ሰባት ዓመት ሚኒባስ ጀርባ ተከልሎ የቆየው ለቅሶ መጣ። ቀጄላ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። እማማ ጤናዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ አግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ጠጋ አሉ፣ በእሳቸውና በመዝገቡ መካከል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ እንዳለ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ምን ይገትርሃል ቀጄላ» አሉ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ብቻውን ያለቅሳል እንዴ?»

ቀጄላ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ መጥቶም ከጎኑ ተቀመጠ።